ሙድ ቦርዴ «የፎቶ ክምችት ነው» ተባለ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «ሀዋሳ ውስጥ የአጭር ጊዜ የፎቶግራፍ ኮርስ እየተማርኩ ነው። መምህራችን ከመጽሔት በተቆረጡ ምስሎች ሙድ ቦርድ (የምናነሳቸውን ፎቶዎች ድባብ አስቀድሞ የሚያሳይ ሰሌዳ) ሠርተን እንድናቀርብ አዘዘን። የኔ ርዕስ ‹ጠዋት በአሞራ ገደል› ነው፤ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ማለት ነው። ወደ 30 የሚጠጉ የዓሣ፣ የጀልባና የሐይቅ ፎቶዎች ቆርጬ ትልቅ ካርቶን ላይ ለጠፍኩ። መምህሩ አየት አደረገና ‹ይሄ የፎቶ ክምችት እንጂ ሙድ ቦርድ አይደለም› አለኝ። በዚያ ላይ በኮላ የለጠፍኳቸው በሙሉ ተሸበሸቡ። ደግሜ ለማቅረብ ሁለት ሳምንት አለኝ። ስንት ምስል ይበቃል? ምን ዓይነት ልምረጥ? እንዴትስ ልለጥፍ? ካሜራዬ 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ነው።»

ምላሽ፦ መምህርሽ እውነቱን ነው፤ ችግሩ ግን ብዛቱ ብቻ አይደለም። ቦርዱን ግድግዳ ላይ አስደግፊና ርዕሱን ለማያውቅ ሰው አምስት ሰከንድ ያህል አሳይተሽ መልሰሽ አዙሪው። ያየውን በሦስት ቃል እንዲነግርሽ ጠይቂው። «ዓሣ፣ ጀልባ፣ ውሃ» ካለሽ የለጠፍሽው የዕቃ ዝርዝር ነው። «ብርድ፣ እርጥበት፣ ዝምታ» ካለሽ ግን ሙድ ቦርድ ሠርተሻል። ምን እንደምታነሺ ርዕስሽ ተናግሮ ጨርሷል። የቦርዱ ሥራ በምን ብርሃን፣ በየትኞቹ ቀለሞች፣ ከምን ያህል ርቀት እንደምታነሺውና ፎቶው ሲታይ ሸካራ ይሁን ለስላሳ፣ እርጥብ ይሁን ደረቅ የሚመስለው መወሰን ነው። ስለዚህ ደህና ተደርጎ የተሠራ የአሞራ ገደል ቦርድ ላይ አንድም ዓሣ ላይኖር ይችላል።

አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። የመኪና ማስታወቂያ ገጽ አለ እንበል። መኪናው መሀል ላይ ያብረቀርቃል፣ ከላይ ትልቅ ጽሑፍ አለ። አንቺን መኪናውም ጽሑፉም አይመለከቱሽም። ከታች በግራ በኩል ዝናብ የጠጣ አስፋልት ይታያል። ግራጫ ነው፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ሰማይ ተንጸባርቆበታል፣ አንዲት ቀጭን ነጭ የብርሃን መስመር አቋርጣዋለች። ያችን 9 በ6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቆርጠሽ ስታወጪ ጠዋት ዓሣ የሚታጠብበት የሲሚንቶ ወለል ሆና ቁጭ ትላለች። የብርሃኑ አቅጣጫ ያው ነው፣ እርጥበቱም ያው ነው። መምህርሽ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ቁራጭ ነው።

መቀስ ከማንሳትሽ በፊት ግን ርዕስሽን አጥብቢው። «ጠዋት በአሞራ ገደል» ውስጥ ቢያንስ ሁለት የማይጣጣሙ ድባቦች አሉ። አንዱ ገበያው ሳይደምቅ ያለው ነው፤ ጀልባ ገና እየገባ፣ መረቡ እርጥብ፣ ሰዉ ጋቢውን እንደተከናነበ። ሌላው ግርግሩ ነው፤ ቆሮሶው ሲገፈፍ፣ አምባዛው ሲከተፍ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊ ሲሻሙ፣ አዋዜው ሲቀርብ። የመጀመሪያው ቀዝቃዛና ባዶ ነው፤ ሁለተኛው ሞቃትና የተጨናነቀ። ሁለቱን አንድ ቦርድ ላይ ካደረግሽ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ በ30 ምስሎችሽም ላይ የደረሰው ይኸው ይመስለኛል። አንዱን ምረጪና በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው፤ ለምሳሌ «ፀሐይ ሳትበረታ፣ እርጥብ፣ ሰማያዊ ግራጫ፣ ሰው ጥቂት»። ከዚህ በኋላ የማደርገውን ማብራሪያ ይህን እንደመረጥሽ አድርጌ እቀጥላለሁ፤ ግርግሩን ከመረጥሽም አሠራሩ አይለወጥም።

መጽሔት ከየት ይገኛል? አዲስ መግዛት አያስፈልግም። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ ሽፋናቸው የተቀደደ የውጭ መጽሔቶች በርካሽ ይገኛሉ። የውበት ሳሎኖችና ፀጉር ቤቶች ያረጁትን ሊጥሏቸው ስለሚሉ ጠይቀሽ ውሰጂ። የአየር መንገዱ «ሰላምታ» መጽሔት፣ የባንኮች የግድግዳ ካላንደር፣ የድርጅቶች ዓመታዊ ሪፖርት፣ የሆቴል ብሮሹር ሁሉም ጥሩ ወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው። የአገር ውስጥ መጽሔቶች ብዙ ጊዜ የውስጥ ገጻቸው ጥቁርና ነጭ በስስ ወረቀት ላይ ስለሆነ ለቀለም አይረዱም፤ ለጥላና ለሸካራነት ግን ይሆናሉ። ከቱሪስት ብሮሹር ተጠንቀቂ። የእነዚያ ፎቶዎች ሥራ ቦታውን መሸጥ ስለሆነ ሁሉም ነገር በጠራራ ፀሐይ ደምቆ ይታያል፤ ድባብ የላቸውም። የሽማግሌ የተጨማደደ ፊት በቅርብ የተነሳበትን ምስልም እንዲሁ ተዪው። ያ ፎቶ ራሱን ችሎ ያለቀ ስለሆነ ላንቺ የሚተርፍ ነገር የለውም።

መጀመሪያ ቅደጂ፣ ኋላ ቁረጪ። ግማሽ ሰዓት ይዘሽ ከ40 እስከ 50 ገጽ ሳታስቢ ቅደጂ፤ ዓይንሽን የያዘውን ሁሉ። በስቴፕላር ሽቦ የተሰፋ መጽሔት ከሆነ መሀሉን ክፈቺና ሽቦውን በቢላዋ ጫፍ አቅንተሽ ንቀዪው፤ የመሀል ገጾች ሙሉ ሆነው ይወጣሉ። በማስቲሽ የተጠረዘውን ግን ገጹን ወደ ጥራዙ አስጠግተሽ ቀስ ብለሽ ወደ ታች ሳቢው፣ አለበለዚያ ሰያፍ ይቀደዳል። ያን ቀን ምንም አትቁረጪ። በማግስቱ መሬት ላይ ዘርግተሽ በአራት ክምር ለዪአቸው፦ ለብርሃኑ የወደድሽው፣ ለቀለሙ፣ ለርቀቱና ለአቀማመጡ፣ ለሸካራነቱ። የትኛውም ክምር ውስጥ የማይገባ ገጽ የወደድሽው ለይዘቱ ነው፤ ከፎቶው ሳይሆን ከውስጡ ካለው ነገር ጋር ነው የተዋደድሽው። እሱን ጣዪው።

አሁን ከካርቶን ሁለት ማዕዘኖች ቁረጪ። እያንዳንዱ ክንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ ግንበኛ ስኳድራ ያለ። ሁለቱን ገጥመሽ በገጹ ላይ ስታንሸራትቻቸው የሚሰፋና የሚጠብ መስኮት ይሆኑልሻል። ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የካሜራው መመልከቻም ይኸው ነው። መስኮቱን የካሜራሽን ምጣኔ አስይዢው። ባለ ሌንስ ካሜራ በአብዛኛው 3 ለ2 ስለሆነ 9 በ6፣ 12 በ8፣ 15 በ10 ሴንቲ ሜትር ይስማማሉ። በስልክ የምታነሺ ቢሆን 4 ለ3 ይሆን ነበር። ክብ፣ ልብና ኮከብ ቅርጽ መቁረጥ ለሰላምታ ካርድ ነው፤ ካሜራሽ በክብ አያነሳም። ከመስኮቱ ውስጥ ጽሑፍ፣ የገጽ ቁጥርና የድርጅት ምልክት አስወጪ። የሰው ዓይን ፊደል ካየ ሌላውን ትቶ መጀመሪያ እሱን ነው የሚያነበው።

ብርሃኑን ማንበብ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ሊወስድብሽ ይገባል። ሰው ያለበት ምስል ከሆነ የዓይኑን ብሌን ተመልከቺ፤ እዚያ ውስጥ ያለችው ነጭ ነጥብ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ትናገራለች። አራት ማዕዘን ከሆነች መስኮት ወይም ሶፍት ቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ ጨርቅ የለበሰ የስቱዲዮ መብራት) ነው፤ በብሌኑ ላይ ከፍ ብላ በግራ ካለች ብርሃኑም ከላይ ከግራ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ካየሽ የስቱዲዮ መብራት ነው፤ አሞራ ገደል ላይ አታገኚውም፣ ተዪው። ቀጥሎ የጥላውን ጠርዝ እዪ። ጠርዙ እንደ ምላጭ የተቆረጠ ከሆነ ብርሃኑ ከትንሽ ምንጭ ነው፤ የጠራ ሰማይ ፀሐይ ወይም ፍላሽ። ጠርዙ የሚሟሟ ከሆነ ምንጩ ሰፊ ነው፤ ደመና፣ መስኮት ወይም ጥላ ያለበት ቦታ።

ከዚያ የጥላውን ርዝመት በማስመሪያ ለኪ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ከውጭ መጽሔት የሚቆረጠው ብርሃን አብዛኛው የሌላ ሰማይ ብርሃን ነው። ለንደን ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ 15 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የምትለው። በዚያ ከፍታ የአንድ ነገር ጥላ የቁመቱን 3.7 እጥፍ ይሆናል። እዚያ ያለ ፎቶ አንሺ ምሳ ሰዓት ላይ ቢወጣም ያን ረጅም ጥላና ዝቅ ያለ ብርሃን ያገኛል። ሀዋሳ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት ከአሥር እስከ ሩብ ጉዳይ ለአንድ ገደማ ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ ከወጣች በኋላ ግን ሽቅብ ነው የምትገሰግሰው፣ በሰዓት ከ13 እስከ 15 ዲግሪ። ስለዚህ 15 ዲግሪ ላይ የምትገኘው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ያውም አልፋው ትሄዳለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን 30 ዲግሪ ትደርሳለች፣ ጥላውም ወደ 1.7 እጥፍ ያጥራል። ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ 45 ዲግሪ ስትደርስ ጥላውና ቁመቱ እኩል ይሆናሉ።

አለካኩ ይህን ይመስላል። ምስሉ ላይ ያለው ብርጭቆ 4 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ ጥላው 7 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ምጣኔው 1.75 ነው፤ ያንን ብርሃን ሀዋሳ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ታገኚዋለሽ። ጥላው 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ካሜራሽን ደግነሽ ቆመሽ መጠበቅ አለብሽ። ልኬቱ የሚሠራው ጥላው በምስሉ ላይ ወደ ጎን ሲተኛ ብቻ ነው። ወደ ካሜራው የመጣ ወይም ከካሜራው የራቀ ጥላ በእይታው ምክንያት ስለሚረዝም ወይም ስለሚያጥር ያሳስትሻል። ቦርድሽ ላይ ያሉት ጥላዎች አንዱ 3.5፣ ሌላው 1፣ ሌላው 0.5 እጥፍ ከሆኑ ሦስት የተለያየ ሰዓት ለጥፈሻል ማለት ነው። ብሩህ ሰማይን ትተሽ ደመናማ ምስሎች ብቻ ከመረጥሽ ይህ ሁሉ ስሌት ይቀርልሻል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በተሸፈነ ጠዋት ለስላሳው ብርሃን ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል።

ሰማያዊውን ፈልገሽ ከሆነ ደግሞ ከፀሐይ መውጫ በፊት ያለችው 20 ደቂቃ ገደማ ናት። በኛ ኬክሮስ ንጋት ቶሎ ያልፋል። ዋይት ባላንሱን (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያስተካክልበትን ምርጫ) አውቶ ላይ ከተውሽው ካሜራው ሰማያዊውን እንደ ስህተት ቆጥሮ ያነጣዋል፤ ዴይላይት ላይ አድርጊው።

አቅጣጫም አለ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ላይ ቆመሽ ወደ ውሃው ስትመለከቺ ፀሐይ ከጀርባሽ ናት፤ የዓሣ አጥማጁ ፊት ይበራል፣ ጥላው ከኋላው ይደበቃል፣ ውሃው ጠንከር ያለ ሰማያዊ ይሆናል። ወርቃማ ውሃ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታይ የጀልባ ምስል እዚያው ዳር ቆሞ በጠዋት አይገኝም፤ እሱ የ11 ሰዓት ተኩል ማታ ፎቶ ነው። ቆርጠሽው ከነበረ ርዕስሽን ይቃረናል፤ ወይ አውጪው፣ ወይ በጠዋት ከጀልባ ላይ ሆነሽ ወደ ዳር ለማንሳት ተዘጋጂ። የጎን ብርሃን ከፈለግሽ፣ ለእርጥብ መረብና ለዓሣ ቅርፊት የሚሻለው እሱ ነው፣ ዳርቻውን ተከትለሽ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ዙሪ። ስለዚህ ከመጽሔት የምትቆርጪያቸው ምስሎች ብርሃናቸው ከጎን የመጣ ይሁን። ሁሉም ከአንድ ወገን ቢመጡ ይመረጣል፤ አንዱ ከግራ ሌላው ከቀኝ ከሆነ ዓይን ይረበሻል። ጽሑፍና የሰው ፊት የሌለበትን ምስል መገልበጥ ካስፈለገሽ ፎቶ ኮፒ ቤት «ሚረር» አድርገው እንዲያወጡልሽ ጠይቂ።

ስለ ሌንስሽ። የመጽሔት የፊት ፎቶዎች ጀርባቸው እንደ ቅቤ የሚቀልጠው አብዛኛውን ጊዜ በ85 ሚሊ ሜትርና እንደ ኤፍ 1.4 ባለ ሰፊ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ስለሚነሱ ነው። ያንቺ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ኤፍ 5.6 ነው ከፍተኛ ስፋቱ። ያንን ድብዘዛ ቃል የሚገቡ አምስት ምስሎች ቦርዱ ላይ ብትደረድሪ የማትከፍዪውን ዕዳ ፈረምሽ ማለት ነው። አንድ ወይም ሁለት ይበቃሉ፤ እነሱንም 55 ላይ ሆነሽ ሰውየውን ወደ አንድ ሜትር ተኩል ቀርበሽ፣ ጀርባው 15 ሜትርና ከዚያ በላይ እንዲርቅ በማድረግ ልትጠጊያቸው ትችያለሽ። ሐይቁ ከኋላ ያለው ሰፊ ባዶ ቦታ ለዚህ ይረዳሻል። የስልክ ፖርትሬት ሞድ መረብ ላይ አይሠራም፤ ቀጫጭን ክሮቹን ከጀርባው ጋር አብሮ ያደበዝዛቸዋል። በተረፈ ሦስት ርቀት በቦርዱ ላይ ይኑር፦ ቦታውን ሙሉ የሚያሳይ፣ ሰውን ከወገብ በላይ የሚይዝ፣ እጅ ወይም ገጽ ብቻ የሚያሳይ። ያንቺ 30 ምስሎች ሁሉም የመሀል ርቀት ከነበሩ መምህርሽ ለምን «ክምችት» እንዳለው ይገባኛል።

ቀለምን ከምስሎቹ ውስጥ ነጥለሽ አውጪ። ቦርዱ ግርጌ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ሥሪ። 12 ሴንቲ ሜትሩ ዋናው ቀለም ይሁን፣ ለምሳሌ ግራጫ ሰማያዊ፤ 6 ሴንቲ ሜትሩ አጋዥ፣ እንደ እርጥብ እንጨት ያለ ቡናማ፤ የቀረችው 2 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አንዲት ደማቅ ቀለም፣ ምናልባት የፕላስቲክ ባልዲ ቀይ ወይም የዝናብ ልብስ ቢጫ። ቁራጮቹን ከመጽሔቱ ወጥ ቀለም ካለው ቦታ፣ ከሰማይ ወይም ከግድግዳ፣ አውጫቸው። ደማቋ ቀለም በጠቅላላው ቦርድ ላይ ከሁለት ቦታ በላይ ከታየች ደማቅነቷ ያበቃል። ቀለም መቆጠብ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማየት የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች ፈልጊ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው ፎቶግራፈር ናት። በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ የተሠሩት ምስሎቿ ከሩቅ የማን እንደሆኑ ይታወቃሉ።

ከፀሐይ ላይ ከቆየ ወረቀት ግን ቀለም አትውሰጂ። ፀጉር ቤት መስኮት ላይ ከርመው ሰማያዊ የሆኑ ፖስተሮችን አይተሻል፤ ቢጫና ማጀንታ የሚባለው ሐምራዊ ቀይ ቀለም በፀሐይ ቀድመው ይለቃሉ፣ ሲያን የሚባለው ውሃ ሰማያዊና ጥቁር ይቀራሉ። ያ ሰማያዊነት የንጋት አይደለም፣ የመደብዘዝ ነው፤ የሰው ቆዳንም የበሽተኛ ያስመስለዋል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ቦርዱን በስልክሽ በጥቁርና ነጭ አንሺው። ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ከታየሽ ቀለሙ ቢያምርም የብርሃንና የጥላ ልዩነት የለውም፤ አንድ በጣም ጨለማ ምስል ጨምሪ።

ወደ ብዛቱ እንምጣ። ስምንት ይበቃል። ኤ2 ሰሌዳ (42 በ59.4 ሴንቲ ሜትር) ውሰጂ። አንድ ሙሉ የመጽሔት ገጽ ከኤ4 ጋር ይቀራረባል፣ ኤ4 ደግሞ የኤ2 ሩብ ነው። አንዱን ዋና ምስል በዚያ መጠን አድርጊው። የግማሽ ገጽ ሦስት ምስሎች እያንዳንዳቸው አንድ ስምንተኛ ይይዛሉ። የፖስት ካርድ ያህል አራት ምስሎች አንድ ላይ ሌላ ሩብ ይወስዳሉ። የቀረው አንድ ስምንተኛ ለቀለም ጥብጣቡ፣ ለክፍተቱና ለማስታወሻሽ ነው። መጠኖቹ ግምት ናቸው፣ በሚሊ ሜትር አትጨነቂ። ዋናው ምስል ግን በግልጽ ዋና ይሁን፤ ሁሉም እኩል ሲሆኑ ተመልካቹ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። በምስሎቹ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዪ። ሰሌዳው ነጭ ወይም ቀለል ያለ ግራጫ ይሁን። ቡናማ የካርቶን ሳጥን ላይ በቀጥታ ከለጠፍሽ ቡናማው ራሱ አንድ ቀለም ሆኖ ይገባና ሰማያዊሽን ይቀይረዋል። ነጭ ካርቶን ከጠፋ የአሮጌ ግድግዳ ካላንደር ጀርባ ሳጥኑ ላይ ለጥፈሽ ተጠቀሚ።

ለመቁረጥ ከተርና የብረት ማስመሪያ ያዢ። የፕላስቲክ ማስመሪያ በምላጩ ይላጫል፣ ከዚያ ወዲያ ቀጥ ያለ መስመር አይሰጥሽም። ማስመሪያውን ሁልጊዜ በምታስቀሪው ምስል ላይ ጫኚው፤ ምላጩ ቢያንሸራትትሽ የሚጎዳው የሚጣለው በኩል ይሆናል። በአንድ ኃይለኛ ምት ሳይሆን በሁለት ሦስት ቀላል ምት ቁረጪ። ጠርዙ ነጭ ጸጉር ካወጣ ምላጩ ደንዟል፤ አንዷን ክፋይ ሰብረሽ አዲሱን አውጪ።

አሁን ስለ ኮላው። የመጽሔት ወረቀት ከላይ በነጭ ጭቃ መሰል ሽፋን የተለሰነ ስስ ወረቀት ነው። ኮላ ውስጥ ያለው ውሃ በጀርባው ሲገባ የወረቀቱ ቃጫዎች ያብጣሉ፤ በአንድ አቅጣጫ ከሌላው አቅጣጫ ይበልጥ ስለሚለጠጡ ይሸበሸባል፣ ሲደርቅም ኮላው ሽብሽቡን ይዞት ይቀራል። በማሳሳት ውሃ ከጨመርሽበት ይብሳል። እንደ ሊፕስቲክ እየተጠመዘዘ የሚወጣው ደረቅ ማስቲሽ ይሻልሻል። ምስሉን በቆሻሻ ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ከመሀል ወደ ጠርዝ ቀቢ፣ ጠርዞቹንም አልፈሽ። ቦታው ላይ ካስቀመጥሽ በኋላ ንጹሕ ወረቀት ከላይ አድርገሽ በማንኪያ ጀርባ ከመሀል ወደ ውጭ ግፊው። በጣትሽ በቀጥታ አትግፊ፤ ላብና ማስቲሽ አንጸባራቂውን ገጽ ያደበዝዙታል። ሁለት ወገን ፕላስተርም ይሆናል፣ ግን አንዴ ከያዘ አይነሳም። የጫማ ሰፊ ማስቲሽ ውሃ ስለሌለው አያሸበሽብም፤ ሆኖም ሲቆይ ቢጫ እያደረገ ወደ ፊት ይወጣል፣ ሽታውም ስለሚያዞር መስኮት ሳይከፈት አይነካም።

ስስ ገጽ ከሆነና የጀርባው ህትመት ወደ ፊት ካስተላለፈ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አድርጊበት፤ ምስሉ ትንሽ ይጠቁራል እንጂ የጀርባው ፊደል ይጠፋል። ከቀድሞው ቦርድሽ ላይ ልታተርፊው የምትፈልጊው ምስል ካለ ለመላጥ አትሞክሪ፣ ይቀደዳል። ከነካርቶኑ በከተር ቆርጠሽ እንደ ጡብ አዲሱ ላይ ለጥፊው፤ ከፍ ብሎ መቆሙ ለዋናው ምስል ያምርበታል፣ ያልተሸበሸበ ከሆነ ማለቴ ነው።

ከመለጠፍሽ በፊት በእያንዳንዱ ምስል ጀርባ በእርሳስ ቁጥርና ከየትኛው መጽሔት እንደሆነ ጻፊ፤ እስክሪብቶ በስስ ወረቀት ላይ ወደ ፊት ይታያል። ያንኑ ቁጥር ይዘሽ በአንድ ወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ ምን እንደወሰድሽ በአንድ መስመር አስፍሪ፦ «3፦ የጎን ብርሃን፣ ጥላ 1.7፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ወደ ሰሜን»፣ «5፦ የእርጥብ ብረት ገጽ፣ 55 ሚሊ ሜትር፣ በቅርብ»። መስመር የማይወጣለት ምስል ቦርዱ ላይ ቦታ የለውም። ብዙ መምህራን ቦርዱን ካዩ በኋላ «ይሄን ለምን አስገባሽ?» ብለው አንዱን በጣታቸው ይጠቁማሉ፤ መልሱ ያችው መስመር ናት።

ቦርዱን በፎቶ ማስረከብ ካለብሽ ያለ ፍላሽ፣ ጥላ ባለበት በረንዳ ላይ፣ ስልኩን ከሰሌዳው ጋር ትይዩ አድርገሽ አንሺ። መጽሔት የሚታተመው በጥቃቅን ነጥቦች ስለሆነ የስልኩ ካሜራ አንዳንዴ ሞገድ የሚመስል መስመር ያሳይሻል። ያኔ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ብትይ ይጠፋል። ስካን የሚያደርጉልሽ ከሆነ የህትመቱን ነጥቦች የሚያለሰልሰውን «ዲስክሪን» የሚለውን ምርጫ እንዲያበሩት ንገሪያቸው።

ለክፍል ልምምድ መቁረጡ ችግር የለውም። ቦርዱን ለንግድ ማስታወቂያ ወይም ለስቱዲዮሽ መለያ ማዋል ግን ሌላ ነገር ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራንም ይጠብቃል።

ሁለቱን ሳምንት እንዲህ ክፈዪው፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ለመቅደድና ለመለየት፣ ቀጣዮቹ አራት ለብርሃን ንባብና ለመቁረጥ፣ ከዚያ ቁራጮቹን ሳትለጥፊ ሰሌዳው ላይ ደርድረሽ አንድ ጠዋት አሞራ ገደል ወርደሽ በስልክሽ ከእውነተኛው ብርሃን ጋር አወዳድሪ። እዚያ ስትደርሺ የምትቀይሪያቸው ሁለት ሦስት ምስሎች ይኖራሉ። ማስረከቢያው ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት ለጥፊ፣ ከላዩ ንጹሕ ወረቀትና ከባድ መጻሕፍት ጭነሽ አሳድሪው። በባጃጅ የምትወስጂው ከሆነ ምስሎቹ ላይ ወረቀት አልብሰሽ ሌላ ካርቶን ግጠሚበት፣ በፌስታልም ጠቅልዪው።